ሂስታሚን ለማይስማማው ሰው የትኛው ሰፕሊመንት፣ በምን መጠን?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። የቆየ አይብ፣ የታሸገ ዓሣ ወይም ቀይ ወይን ከቀመስኩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ ይቀላል፣ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴ ይነፋል። የአለርጂ ምርመራ ምንም ስላላሳየ ሐኪሙ ሂስታሚን አይስማማሽ ይሆናል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሂስታሚን ይሰባብራል የሚባለው የዳኦ ኢንዛይም እንክብል (ከቁርስ በኋላ አንድ)፣ ውኃ ውስጥ የሚፈላ ቫይታሚን ሲ 1000 ሚ.ግ.፣ ቢ6 100 ሚ.ግ.፣ ዚንክ 50 ሚ.ግ.፣ ኩዌርሰቲን 500 ሚ.ግ.፣ ቢ ኮምፕሌክስ እና ፕሮባዮቲክ እየወሰድኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሁሉንም የጀመርኩት በአንድ ቀን ነው። ራስ ምታቱ ትንሽ ቀንሷል። የሆድ መነፋቱ ግን ብሶብኛል፤ ጠዋት ጠዋት ፊቴ ይግላል፤ አሁን ደግሞ የእግሬ ጣቶች መንዘርዘር ጀምረዋል። የትኛውን ልተው፣ የትኛውን ልቀጥል?»

መልስ፦

ከእግር ጣቶችዎ እንጀምር፤ ሌላው ቢቆይ ግድ የለም። ቢ6ን ዛሬውኑ ያቁሙ። ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም። «ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን ስለሆነ ትርፉ በሽንት ይወጣል» እየተባለ ብዙ ሰው ያለ ስጋት ይወስደዋል፤ ቢ6 ግን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከልብ ከሚርቀው ጫፍ ነው። መጀመሪያ የሁለቱም እግር ጣቶች እኩል ይነዘራሉ፣ ይደነዝዛሉ ወይም ያቃጥላሉ፤ ቀጥሎ የእጅ ጣቶች ይከተላሉ፤ ሲብስ ሰውየው ጨለማ ውስጥ ሲራመድ ይንገዳገዳል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1.3 ሚ.ግ. አካባቢ ነው። በአሜሪካ የተቀመጠው የላይኛው ወሰን 100 ሚ.ግ. ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ወሰኑን ወደ 12 ሚ.ግ. አውርዶታል። እርስዎ ከ100ው በላይ ቢ ኮምፕሌክሱ ውስጥ ያለውንም ይወስዳሉ። የቢ ኮምፕሌክሱን ጀርባ ያንብቡና «ፒሪዶክሲን» ወይም «ፒሪዶክሳል 5 ፎስፌት» ከሚለው ስም አጠገብ ያለውን ቁጥር በ100 ላይ ይደምሩት። ሁለተኛው ስም «አክቲቭ» እየተባለ በውድ ይሸጣል፤ ሲበዛ ያው ቢ6 ነው።

ካቆሙ በኋላ መንዘርዘሩ ለሁለት ሦስት ሳምንት ባለበት ሊቆይ፣ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ አይደንግጡ። ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው፤ መሻሻሉን በሳምንት ሳይሆን በወር ይቁጠሩት። ወደ ቁርጭምጭሚት እየወጣ ከሄደ፣ ድካም ከታከለበት ወይም አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ግን ቢ6 ነው ብለው አይቀመጡ። የቢ12፣ የደም ስኳርና የመዳብ ምርመራ ያስፈልጋል። መዳብ እዚህ ለምን እንደገባ ዚንክ ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ።

ለመሆኑ ቢ6 እዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ገባ? ሂስታሚን ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ በቆዩ ምግቦችም ውስጥ የሚከማች፣ ሲበዛ ፊት የሚያቀላና ራስ የሚያሳምም ኬሚካል ነው። ነገሩን ለመረዳት በየት በየት እንደሚጠፋ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። አንደኛው ዳኦ (ዳይአሚን ኦክሲዴዝ) ነው። የሚሠራው ከሴል ውጭ፣ በተለይ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከምግብ ጋር የገባውን ሂስታሚን ደም ውስጥ ሳይደርስ ይሰባብራል። ሁለተኛው ኤች.ኤን.ኤም.ቲ. የሚባለው ነው፤ በሴል ውስጥ ይሠራል፣ በጉበት፣ በአየር ቧንቧና በአንጎል ውስጥ ያለው ሥራም በአብዛኛው የእርሱ ነው። ድሮ ዳኦ የሚሠራው በቢ6 ረዳትነት ነው ይባል ነበር፤ በብዙ ማስታወቂያ ላይ ዛሬም የሚነበበው ይኸው ነው። በኋላ ግን የዳኦ ረዳት ሞለኪውል ቶፓኩዊኖን የሚባል፣ ከኢንዛይሙ ከራሱ አካል የሚሠራ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ እርሱን ለመሥራት የሚያስፈልገውም መዳብ ነው። በሌላ በኩል፣ ሰውነት ሂስቲዲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ሂስታሚን ሲሠራ የሚጠቀምበት ኢንዛይም ያለ ቢ6 አይሠራም። ስለዚህ ቢ6 ሂስታሚን «ያጠፋል» ብሎ 100 ሚ.ግ. መዋጥ መሠረት የለውም። እጥረት ካለ መሙላት ተገቢ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ግራም ይበቃል።

አሁን ወደ ዳኦው እንክብል። ከያዟቸው ሁሉ ስለ ሂስታሚን አለመስማማት ቀጥተኛ ምክንያት ያለው ይኸኛው ነው፤ ነገር ግን እየወሰዱት ያለው በተሳሳተ ሰዓት ነው። እንክብሉ ወደ ደም አይገባም። ሥራው በሙሉ አንጀት ውስጥ፣ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከቁርስ በኋላ ሲዋጥ ምግቡ ቀድሞት ያልፋል፤ ጠዋት የተዋጠው ደግሞ ለማታው አይብ አይደርስም። የሚወሰደው ከሚያስቸግረው ምግብ 15 እስከ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ የማይሟሟ ሽፋን ይደረግለታል። ኪኒኑን መስበር፣ መፍጨት ወይም ማኘክ ገንዘብን መጣል ነው። ካፕሱል ሆኖ ውስጡ የተሸፈኑ ጥቃቅን ፍሬዎች ካሉት፣ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ከፍቶ ፍሬዎቹን ሳያኝኩ መዋጥ ይቻላል። ትኩስ መጠጥ ላይ ግን አይበተንም።

ስለ መጠኑ፦ በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ከአሳማ ኩላሊት የሚወጣው ዓይነት በአንድ እንክብል 0.3 ሚ.ግ. ዳኦ የያዘ ሲሆን፣ የቀኑ ጣሪያ 3 እንክብል፣ ማለትም 0.9 ሚ.ግ. ነው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ በሚሊ ግራም ፈንታ «ኤች.ዲ.ዩ.» በሚል መለኪያ አሥር ሺህ፣ ሃያ ሺህ የሚል ቁጥር ያያሉ። የአምራቾች መለኪያ ነውና የአንዱን ቁጥር ከሌላው ሚሊ ግራም ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ አንድ ምርት መርጠው በእርሱ ይሞክሩ። በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት አሳማ የማይነካ ሰው የንጥረ ነገሩን ዝርዝር ማንበብ አለበት፤ ከአተርና ከመሰል ጥራጥሬ ቡቃያ የሚወጣ ዳኦም ይሸጣል፣ በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ግን በአብዛኛው የኩላሊቱ ነው።

ሙከራ ካልን፣ ዳኦአቸው ዝቅ ያለ 100 የማይግሬን ሕመምተኞች ላይ ለአንድ ወር በተደረገ ጥናት ኢንዛይሙን የወሰዱት ሰዎች የራስ ምታት ቆይታ በአማካይ በ1.4 ሰዓት ገደማ አጥሯል። ጥቅም አለው፣ ተአምር ግን አይደለም። ከእንክብሉ ብዙ የሚጠብቅ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢያውቅ ይሻለዋል። አንደኛ፣ ዳኦ ከምግብ የመጣን ሂስታሚን እንጂ ማስት ሴል ከሚባሉት የሰውነት ሴሎች የሚለቀቀውን አይነካም። ሳይበሉ የምግብ ሽታ ብቻ ሲደርስዎት፣ ሙቀት ሲበዛብዎት ወይም ሲጨነቁ የሚነሣ ሽፍታ በዳኦ አይድንም። ሁለተኛ፣ ያደረ ዓሣ ውስጥ ከሂስታሚኑ ጋር ፑትረሲንና ካዳቨሪን የሚባሉ ሌሎች አሚኖችም ይከማቻሉ። እነዚህ ራሳቸው በዳኦ የሚሰበሩ ስለሆኑ ኢንዛይሙን ይሻሙታል፤ ሰውየው እንክብሉን ውጦም የሚታመመው ለዚህ ነው። ሂስታሚን በማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም፣ ስለዚህ ቀኑን ውጭ የዋለ ዓሣ እሳት ቢበዛበትም ያው ነው። ሦስተኛ፣ አልኮል የዳኦን ሥራ ያዳክማል። ቀይ ወይንና የቆየ አይብ በአንድ ማዕድ ከቀረቡ እንክብሉ የሚገባው ወደ ተሸነፈ ጦርነት ነው።

የጠዋቱን የፊት መጋል በተመለከተ ሂስታሚንን ከመክሰስዎ በፊት የቢ ኮምፕሌክሱን ካርቶን ይመልከቱ። ቢ3 በሁለት መልክ ይሸጣል። «ኒኮቲኒክ አሲድ» (ብዙ ጊዜ «ኒያሲን» ብቻ ተብሎ የሚጻፈው) ከሆነ፣ ከ30 እስከ 50 ሚ.ግ. እንኳ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ፊትን፣ አንገትንና ደረትን ያቀላል፣ ያግላል፣ ያሳክካል። ይህን የሚያመጣው በዋናነት ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የሚባል ኬሚካል ነው። ከሂስታሚን ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል ግን ብዙ ሰው «ቁርሴ አልተስማማኝም» እያለ ከቁርሱ ላይ አንድ በአንድ ሲቀንስ ይከርማል። «ኒኮቲናማይድ» የሚባለው መልክ ፊት አያቀላም። በግልዎ ቢ ኮምፕሌክስ የሚያስፈልግዎ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። ከሥጋና ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ቢ12 ያስፈልገዋል፤ ያም ብቻውን ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ «ሜቲሌሽን» የሚወራውን በአጭሩ ልንካው። ኤች.ኤን.ኤም.ቲ. ሂስታሚንን የሚያጠፋው የሜቲል ቡድን (ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቁራጭ) በመለጠፍ ነው፤ የሜቲሉ ምንጭ የሆነውን ሞለኪውል ለማደስ ደግሞ ፎሌትና ቢ12 ያስፈልጋሉ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ እጥረት የሌለበት ሰው ሜቲል ፎሌት በብዛት ቢውጥ ሂስታሚኑ ይቀንሳል የሚለው ግን በማስረጃ የቆመ አይደለም። ፎሊክ አሲድ (ሰው ሠራሹ ፎሌት) በብዛት መውሰድ የቢ12 እጥረትን የደም ምልክት ሊሸፍን ይችላል፤ ጣቶቹ ለሚነዘሩ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ቢ12ዎን ሳይለኩ ፎሌት አይጀምሩ።

ዚንክ 50 ሚ.ግ. ሌላው ስህተት ነው፤ ስህተቱም ከሁሉ ይልቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን ያበዛሉ። ይህ ፕሮቲን ከዚንክ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል፤ መዳቡ ወደ ደም ሳይገባ ሴሉ ሲረግፍ አብሮት ይወጣል። ዳኦ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ያለ መዳብ ኢንዛይም አይሆንም። ሂስታሚንን ለማጥፋት ተብሎ የተዋጠው ዚንክ ሂስታሚን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ጥሬ ዕቃ ይነሣል ማለት ነው። የመዳብ እጥረት ሲከር የደም ማነስ፣ የነጭ ደም ሴል መቀነስና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። በሁለት ወር ውስጥ እዚህ መድረስ የተለመደ ባይሆንም፣ መንዘርዘር ስላለብዎ የደም መዳብና ሴሩሎፕላዝሚን (መዳብን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን) መለካቱ ተገቢ ነው። ዚንኩን ያቁሙ። ወደፊት በምርመራ እጥረት ተገኝቶ ካስፈለገ በቀን 10 ወይም 15 ሚ.ግ. ይበቃል። ለዚንክ የላይኛው ወሰን በአሜሪካ 40፣ በአውሮፓ 25 ሚ.ግ. ነው።

«እንግዲያው መዳብ ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ሳይለኩ፣ አይጀምሩ። የቀን ፍላጎቱ 0.9 ሚ.ግ. ብቻ ነው፣ ተራ ምግብ ይሸፍነዋል። ዊልሰን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ መዳብ መርዝ ነው።

ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚኖቹ ሁሉ ስሙ የሚያምርበት ነው። በሰውነት ውስጥ የቫይታሚን ሲ መጠን ሲወርድ የደም ሂስታሚን እንደሚጨምር ከታወቀ ቆይቷል። በ1992 በወጣ አነስተኛ ጥናት ጤነኛ ሰዎች በቀን 2 ግራም ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ የደማቸው ሂስታሚን በ38 በመቶ ገደማ ወርዷል። ጥናቱ ግን ሂስታሚን በማይስማማቸው ሰዎች ላይ አልነበረም፤ ደም ውስጥ ያለ ቁጥር መውረዱም ራስ ምታት መቀነሱን አያረጋግጥም። ቢሆንም አደጋው ትንሽ ስለሆነ መሞከሩን አልቃወምም። የምቃወመው መልኩን ነው። ውኃ ውስጥ የሚፈላው ኪኒን ሲትሪክ አሲድ፣ ሶዲየም፣ ማቅለሚያ፣ ማጣፈጫና አንዳንዴም ሶርቢቶል (የስኳር ምትክ) ይዞ ይመጣል። ሶርቢቶል በጥቂቱም ቢሆን ሆድ የሚነፋቸው ሰዎች አሉ። ሮዝ ሂፕ፣ አሴሮላ ወይም የሎሚ ዘር ፍራፍሬ ውጤት የተቀላቀለበትንም ይዝለሉት፤ የሎሚ ዘር ፍራፍሬ የሚያስቸግራቸው ጥቂት አይደሉምና። ጨጓራዎ የማይቆጣ ከሆነ ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ፣ የሚቆጣ ከሆነ ካልሲየም አስኮርቤት ይምረጡ። 250 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ይበቃል፤ አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲመጣበት የሚቀበለው ድርሻ ስለሚቀንስ ከፋፍሎ መውሰዱ ይሻላል። ከ2 ግራም በላይ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ያለፈበት፣ ሰውነቱ ብረት የሚያከማችበት ሰው ያለ ሐኪም ከፍተኛ መጠን አይውሰድ።

ኩዌርሰቲን ከዕፅዋት የሚገኝ ውህድ ነው፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማስት ሴሎች ሂስታሚን እንዳይለቁ ይይዛል። በሰው ሆድ ውስጥ ግን በደንብ አይመጠጥም፤ ሂስታሚን በማይስማማቸው ሰዎች ላይም በወጉ የተፈተነ አይደለም። ለብቻው መሞከር ከፈለጉ 250 ወይም 500 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ ከዋና ምግብ በፊት፣ ከ1000 ሚ.ግ. ሳያልፉ፣ ከ12 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ፣ ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይንካው። ብዙ ጊዜ ከብሮሜሌይን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ብሮሜሌይን ከአናናስ የሚወጣ ነው፤ አናናስ ለማይስማማው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የሆድ መነፋቱ ሲብስ በቅድሚያ የምጠረጥረው ፕሮባዮቲኩን፣ ማለትም «ጠቃሚ» የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያሉበትን፣ ነው። ባክቴሪያ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአንድ ዝርያ ልጆች እንኳ ይለያያሉ። አንዳንድ የላክቶባሲለስ ሬዩቴሪ ዓይነቶች ከሂስቲዲን ሂስታሚን ይሠራሉ። ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ፣ ኬሲና ሄልቬቲከስም «ጥንቃቄ» ከሚባሉት ወገን ናቸው። ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስና ሎንገም እንዲሁም ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂ.ጂ. በተሻለ የሚታገሡ ተብለው ይመከራሉ፣ ሆኖም ማረጋገጫው ቀጭን ነው። ካርቶኑ ላይ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የዓይነቱ መለያ ፊደልና ቁጥር ካልተጻፈ ምን እየዋጡ እንደሆነ አያውቁም። ኢኑሊን ወይም ሌላ የባክቴሪያ መኖ የተጨመረበት ከሆነ መነፋቱ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። አሁን ያቁሙት፤ ሆድዎ በሁለት ሳምንት ከረገበ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቫይታሚን ዲ ዝቅ ያለ እንደሆነ በደም ለክቶ መሙላት ለማንም ይጠቅማል፤ ለሂስታሚን ብሎ የሚጨመር ልዩ መጠን የለም፣ ያለ ሐኪም በቀን ከ4000 ዩኒት አይለፉ። ማግኒዚየም ያጣ የቤተ ሙከራ አይጥ ሂስታሚኑ ይጨምራል፤ ለሰው ግን ከማይግሬን ጋር ያለው ግንኙነት ይበልጥ ይጠቅማል። ከ200 እስከ 250 ሚ.ግ. ማታ፣ በግላይሲኔት መልክ ቢሆን ይመረጣል፤ ኦክሳይዱ ሆድ ያስቀምጣል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አይውሰድ።

ከ«ጤናማ» ሰፕሊመንት ተርታ የሚቀመጡ ነገር ግን ለእርስዎ የማይሆኑም አሉ። የእርሾ ውጤት፣ በፍላት የተዘጋጁ መልቲ ቫይታሚኖች፣ ለረጅም ሰዓት ከተቀቀለ አጥንት የሚሠራ የመረቅ ዱቄትና ኮምቡቻ ከእነዚህ ናቸው። ከሁሉም በላይ ኤን አሴቲል ሲስቲን የሚባለው፦ ጉበት ያጸዳል ተብሎ ይወሰዳል፣ ዳኦን ግን ከሚያዳክሙት አንዱ ነው።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ ስለ መድኃኒቶችም ልንገርዎ፤ የሚወስዱትን አልጻፉልኝምና። ክሎሮኪንና ክላቭላኒክ አሲድ (ከአሞክሲሲሊን ጋር የሚቀላቀለው) በቤተ ሙከራ ዳኦን ከሞላ ጎደል ያቆሙታል፤ ሲሜቲዲንና ቬራፓሚል ወደ ግማሽ ያወርዱታል። አምብሮክሶል፣ ሜታሚዞልና ሜቶክሎፕራማይድም ከተጠርጣሪዎቹ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ዳኦን ይከለክላል፣ ቢ6ንም ያሟጥጣል። አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው በሐኪም የታዘዘለትን ቢ6 መቀጠል ግዴታው ነው፤ ስለ ቢ6 ከላይ ያልኩት እርሱን አይመለከትም። ከእነዚህ መድኃኒቶች ማናቸውንም በራስዎ አያቋርጡ፤ መጥፎ ምልክት የጀመረበትን ቀን መድኃኒቱ ከተጀመረበት ቀን ጋር አስተያይተው ሐኪሙን ይጠይቁ።

አሁን እንዴት እንደገና እንጀምር? ሐኪም ያዘዘልዎ ካልሆነ በቀር ሁሉንም ሰፕሊመንት ለ14 ቀን ያቁሙ። በእነዚህ ቀናት ትኩስ የተሠራ፣ ያላደረ፣ ያልቦካና በቆርቆሮ ያልታሸገ ምግብ ብቻ ይብሉ። ከበሉት የተረፈውን ወዲያው በረዶ ቤት ያስገቡት። መዝገብ ይያዙ፤ መዝገቡ ረጅም መሆን የለበትም። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ፣ 7፡10 ምሳ፣ ሩዝ፣ ትኩስ ዶሮ፣ ካሮት፤ 7፡40 ፊት መቅላት 3 ከ10፣ ራስ ምታት 0፤ 9፡00 ሆድ መነፋት 5፤ የወር አበባ 22ኛ ቀን፤ እንቅልፍ 6 ሰዓት»። የወር አበባ ቀኑን አይዝለሉት። የዳኦ መጠን በዑደቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በአንዱ ሳምንት የተስማማ ምግብ በሌላው ላይስማማ ይችላል።

በ14 ቀን ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ችግሩ ሂስታሚን መሆኑ ያጠራጥራል፤ ምግብ ይበልጥ እየቀነሱ መቀጠል ከንቱ ነው፣ ሰውነትንም ያከሳል። ለውጥ ካለ በመጀመሪያ ዳኦን ብቻውን ይፈትሹ። መጠነኛ ችግር የሚያመጣብዎትን አንድ ምግብ ይምረጡ፤ የሚያስቀምጥ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ምግብ ፈጽሞ አይምረጡ። ያንኑ ምግብ፣ በዚያው መጠን፣ ሦስት ጊዜ ከዳኦ ጋር፣ ሦስት ጊዜ ያለ ዳኦ፣ በተለያየ ቀን ይብሉት፤ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ንጹሕ ቀናት ይኑሩ። ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ሰው ካለ የትኛው ቀን እውነተኛው እንክብል፣ የትኛው ቀን ተመሳሳይ ባዶ ካፕሱል እንደሆነ እርሱ ይያዝልዎት፤ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ያስተያዩ። ይህን ማድረግ ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ ለወራት ውድ እንክብል ሲገዙ ከመኖር ግን ይቀላል። ልዩነት ካልታየ ዳኦውን ይተዉት። ከታየ በየቀኑ ሳይሆን ውጭ ሲበሉ ወይም ምግቡን መቆጣጠር ሳይችሉ ሲቀሩ ይጠቀሙበት።

ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ 250 ሚ.ግ. ሁለት ጊዜ፣ ለ3 ወይም 4 ሳምንት። ከዚያ፣ ከፈለጉ ብቻ፣ ኩዌርሰቲን። አንዱ ሳይፈረድበት ሌላው አይገባም። ራስ ምታትዎ የቀነሰው በምኑ እንደሆነ ዛሬ የማያውቁት ሰባቱ በአንድ ቀን ስለገቡ ነው፤ ምናልባትም ከሐኪሙ ከተመለሱ ወዲህ ወይን ስለቀነሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የደም ዳኦ ምርመራ ላድርግ ወይ ካሉ፣ ውጤቱ ብቻውን አያድንዎትም። ደማቸው ውስጥ ያለው ዳኦ ዝቅ ብሎ ምንም የማይሰማቸው፣ ልክ ሆኖ የሚታመሙም አሉ፤ ደም ውስጥ ያለው መጠን አንጀት ውስጥ የሚሠራውን በትክክል አያሳይም። በዚያ ገንዘብ የስንዴ ግሉተን በሽታን (ሴሊያክን) መመርመር ይቀድማል። የአንጀት ግድግዳ ሲጎዳ እዚያው የሚሠራው ዳኦ አብሮ ይጎዳል፤ ወተት አለመስማማትም በመነፋት በኩል ፍጹም ይመሳሰላል።

ትንፋሽ ማጠር፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ ማበጥ፣ ራስን መሳት ከመጣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዳኦም ቫይታሚን ሲም እዚያ ቦታ የላቸውም። ቀለል ያለው የፊት መቅላት እንኳ ያለ ምግብ የሚነሣ ከሆነ ወይም የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ አብረውት ከመጡ፣ የማስት ሴል በሽታ አለመኖሩን ለማጣራት ትሪፕቴዝ የሚባለው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ደሙ መቀዳት ያለበት ምልክቱ በተነሣ በ4 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ከተሻለዎት ቢያንስ 24 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለመነሻ ይቀዳል። የመጀመሪያው ቁጥር ከመነሻው 20 በመቶና በዚያ ላይ 2 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ትርጉም አለው። ለምሳሌ መነሻዎ 5 ከሆነ፣ በምልክቱ ሰዓት 8 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አንዱን ብቻ ለክቶ «ኖርማል ነው» መባል በቂ ስላልሆነ፣ ሁለቱ ቀን እንዲጻፍልዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሰባቱንም ካርቶን በከረጢት ይዘው ይሂዱ።